የቀበሌ ቤት፣ የእጅ ስልክ እና እርጅና፦ ለአረጋውያን «ቀላል» የሚባለው ቴክኖሎጂ ምን ማለት ነው?

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ያቤሎ ላይ የቀረበ ንግግር። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)



ንግግሬን የምጀምረው በራሴ ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት አረጋዊት ጎረቤቴ የእጅ ስልክ ገዙ። በሰፈራችን ያለን ሁሉ «አኮ» እያልን እንጠራቸዋለን፤ በአፋን ኦሮሞ አያት ማለት ነው። የሚኖሩት በአንዲት የቀበሌ ቤት ነው። በዚያን ጊዜ መታወቂያቸው ጊዜው አልፎበት ስለነበር ሲም ካርዱን በእኔ መታወቂያ፣ በእኔ ስም አወጣሁላቸው። የምሥጢር ቁጥሩንም እኔው መረጥሁ፤ ቢረሱት ብዬ በራሴ ስልክ መዘገብሁት። በጎ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ሞያሌ የምትኖር ልጃቸው በየወሩ የምትልክላቸው ገንዘብም በዚያው ስልክ ይገባ ጀመር።

አንድ ቀን ስልኩ ጠፋ። አኮ ቁጥራቸውን ለማስመለስ ሲሄዱ «ይህ ቁጥር በእርስዎ ስም አይደለም» ተባሉ። እኔ በዚያን ጊዜ ለሥራ አዲስ አበባ ነበርሁ። ለሦስት ሳምንት ያህል የገዛ ልጃቸው የላከችላቸውን ገንዘብ ማውጣት ሳይችሉ ቀሩ፤ ከጎረቤት እየተበደሩ ሰነበቱ። ያስተናገዳቸው ሠራተኛ ሐሰት አልተናገረም። በመዝገቡ መሠረት ስልኩም ሒሳቡም፣ በሒሳቡ ውስጥ ያለው ገንዘብም የእኔ ነበር። ስመለስ አኮ አልተቆጡኝም። ያሉኝ ይህን ብቻ ነው፦ «ቤቱ የቀበሌ፣ ስልኩ ያንተ፤ የእኔ የቱ ነው?»

የዛሬው ንግግሬ ይህን ጥያቄ ለመመለስ የሚደረግ ሙከራ ነው። ስለ አረጋውያንና ስለ ዲጂታል ቴክኖሎጂ ሲነሣ ውይይታችን ብዙውን ጊዜ የሚያተኩረው በቁልፉ ትልቅነትና በጽሑፉ ጉልህነት ላይ ነው። እነዚህ ነገሮች ያስፈልጋሉ። ነገር ግን አንድ መሣሪያ ለአረጋዊው ቀላል የሚሆነው ለመንካት ስለሚመች ብቻ አይደለም። ሌላ ሰው ሲረዳውም እንኳ ባለቤትነቱ ከእጁ የማይወጣ ሲሆን ነው። ይህን ሐሳብ በአራት ነገሮች በኩል ላስረዳ፤ እነርሱም ቤቱ፣ ፊደሉ፣ ድምፁ እና ረዳቱ ናቸው።

ቤቱ

በሌላው ዓለም በዝቅተኛ ኪራይ ለዜጎች የሚሰጥ የመንግሥት ቤት በዕቅድ የተሠራ ሕንፃ ነው። የእኛ የቀበሌ ቤት ግን ታሪኩ ሌላ ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የወጣው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ነበር። ወርኃዊ ኪራያቸው ከመቶ ብር የማይበልጥ ቤቶች በቀበሌዎች እንዲተዳደሩ ተደረገ። ስለዚህ የቀበሌ ቤት ሲሠራ ለድኻ መኖሪያ ተብሎ የታቀደ ሳይሆን፣ አስቀድሞ የቆመ፣ አብዛኛውም በጭቃና በእንጨት የተሠራ ቤት ነው። ያን ጊዜ በወጣትነታቸው የገቡበት ሰዎች ዛሬ አርጅተውበታል። ኪራዩ ዝቅተኛ በመሆኑ ጡረተኛውንና ጧሪ የሌለውን በከተማ ውስጥ ያቆየ መጠለያ ሆኖ ኖሯል።

የዚህ ቤት አኗኗር ለቴክኖሎጂ ጉዳይ ቀጥተኛ ትርጉም አለው። ግቢው የጋራ ነው፤ የመብራት ቆጣሪውም ብዙ ጊዜ የጋራ ነው። ስልክ የሚሞላው ሶኬት ባለው ጎረቤት ቤት ነው። በሁለት ቤቶች መካከል ያለው ግድግዳ ስስ ስለሆነ በአንዱ የሚነገረው በሌላው ይሰማል። መሣሪያው የአንድ ሰው ቢሆንም አጠቃቀሙ የግቢው ሁሉ ነው። ቴክኖሎጂውን የሚነድፈው ባለሙያ ደግሞ የሚያስበው በሩን ዘግቶ፣ ብቻውን ተቀምጦ፣ የራሱን ስልክ የሚነካ ሰው ነው። አኮን የመሰለ ተጠቃሚ በንድፉ ውስጥ የለም።

በእኛ አካባቢ ጉዳዩን የሚያከብደው ሌላም ምክንያት አለ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ሳይዘንቡ አልፈዋል። የቦረና ከብት አለቀ። ብዙ ቤተሰብም ወደ ዱብሉቅና ወደ ሌሎች መጠለያዎች፣ ወደ ከተሞችም ተሰደደ። ቀድሞ አንድ ሽማግሌ ሀብቱን በዐይኑ እያየ፣ በመልኩና በቀንዱ እየለየ ይቆጥረው ነበር። ችግር ሲደርስበትም በቡሳ ጎኖፋ ሥርዓት ጎሣው ከብት አሰባስቦ ያቋቁመው ነበር። ዛሬ ከልጅ ወይም ከዘመድ የሚላከው ገንዘብ የሚደርሰው በስልክ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብርም መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን በሚሰጠው ቀጥታ ድጋፍ ክፍያውን በአንዳንድ ቦታዎች በኤሌክትሮኒክ መንገድ ማድረስ ጀምሯል። ስለዚህ ለአንድ አረጋዊ ስልክ መጠቀም አለመቻል የመዝናኛ ጉድለት አይደለም። የዕለት ጉርሱ ያለበትን በረት ቁልፍ ለሌላ ሰው መስጠት ነው።

ፊደሉ

አኮ ማንበብ የሚችሉ ሴት ናቸው። ይህን የምናገረው «አረጋዊ» እና «ያልተማረ» የሚሉት ሁለት ቃላት በብዙ የፕሮጀክት ሰነዶች እንደ አንድ ቃል ስለሚነበቡ ነው። ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ነበር። ዘመቻው ቀስ በቀስ በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ተካሄደ፤ አፋን ኦሮሞም ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ቋንቋዎቹ ሁሉ የሚጻፉት ግን በግዕዝ ፊደል ነበር። አኮ ያን ጊዜ በሃያዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ላይ ነበሩ። ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ቀበሌው ባዘጋጀው የመማሪያ ስፍራ ተቀምጠው የገዛ ቋንቋቸውን በግዕዝ ፊደል ማንበብ ለመዱ። ቤት የሰጣቸው ቀበሌ ፊደልንም ሰጣቸው ማለት ነው።

በ1984 ዓ.ም. አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ተወሰነ። ለቋንቋው ዕድገት ቁቤ የሰጠው አገልግሎት የሚታወቅ ነው፤ ዛሬ እዚህ የተቀመጣችሁት አብዛኞቻችሁ የተማራችሁት በእርሱ ነው። ውሳኔውን ለመንቀፍ አልተነሣሁም። ነገር ግን በአንድ ትውልድ ላይ ያስከተለውን ነገር ልብ በሉልኝ። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አፋን ኦሮሞን ጨምሮ በበርካታ የአገራችን ቋንቋዎች መቅረቡ ትልቅ እርምጃ ነበር። አኮ ግን ኮከብ 127 መሰላል ብለው ሲደውሉ ሁለት ምርጫ ይገጥማቸዋል። አፋን ኦሮሞን ቢመርጡ ቋንቋው የእርሳቸው ነው፤ ፊደሉን ግን አያውቁትም። አማርኛን ቢመርጡ፣ ጽሑፉ በግዕዝ ፊደል ቢሆን እንኳ፣ ፊደሉን ያውቁታል እንጂ ቋንቋው ጠልቆ አይገባቸውም። በምርጫ ዝርዝሩ ላይ ሁለቱም ቋንቋዎች አሉ። ለእርሳቸው የሚሆን ግን የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ የቴክኒክ ጉዳይ አለ። አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሰባት ቢት ስለሚበቃው 160 ቁምፊ ይገባል። በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን ለእያንዳንዱ ፊደል ዐሥራ ስድስት ቢት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የሚገባው 70 ቁምፊ ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ መልእክቱ ይከፈላል፤ ወጪውም ይጨምራል። በኮከብና በመሰላል የሚከፈተው የምርጫ ዝርዝርም ተመሳሳይ ጥበት አለበት። አማርኛው ራሱ በላቲን ፊደል ተጽፎ ወይም እየተቆራረጠ የሚደርሰን አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የመሣሪያው የቦታ ቁጠባ ለአረጋዊው የንባብ ሸክም ይሆንበታል።

በዚህ ላይ ጊዜ አለ። እንዲህ ያለው ዝርዝር ኢንተርኔት ሳያስፈልገው በማንኛውም ተራ ስልክ ስለሚሠራ ለድኻው ተስማሚ ነው። ነገር ግን መልስ የሚጠብቀው ለተወሰኑ ሰከንዶች ነው። መነጽሩን የሚፈልግ፣ ቀስ ብሎ ፊደል የሚቆጥር፣ ጣቱ የሚንቀጠቀጥ ሰው መልሱን ሳያስገባ መስመሩ ይዘጋል፤ ከመጀመሪያው መጀመርም ግድ ይሆንበታል። ሦስት ጊዜ የተዘጋበት ሰው በአራተኛው ጊዜ «አልችልም» ይላል። እኛም ቃሉን አምነን «አረጋውያን ቴክኖሎጂ አይወዱም» ብለን እንጽፋለን።

ድምፁ

የፊደሉን ችግር የሚፈታው ድምፅ ነው የሚል ሐሳብ ወዲያው ሊመጣላችሁ ይችላል። እኔም ለብዙ ጊዜ እንዲሁ አምን ነበር፤ ምሳሌውም በአገራችን አለ። በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 8028 የተሰኘው የግብርና የስልክ መስመር አርሶ አደሩ ያለክፍያ ደውሎ በቋንቋው የተቀዳ ምክር እንዲሰማ አስችሏል። የተጠራቀመው የጥሪ ብዛት በሚሊዮኖች የሚቆጠር ነው። ማንበብ አያስፈልግም፤ ኢንተርኔትም አያስፈልግም። ቁጥር መጫንና ማዳመጥ ይበቃል።

ምክርና ገንዘብ ግን አንድ አይደሉም። ስለ ዘር ወይም ስለ ማዳበሪያ የሚነገረውን ጎረቤት ቢሰማው ጉዳት የለውም። የሒሳብ መጠንን የሚናገር ድምፅ ግን በዚያ ስስ ግድግዳ ባለው ግቢ ምን ያደርጋል? ጆሯቸው የደከመ አረጋዊ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ነው የሚያዳምጡት። «በሒሳብዎ ውስጥ ያለው ገንዘብ ይህን ያህል ነው» ሲል ግቢው ሁሉ ይሰማል። በማግስቱ ተበዳሪው በር ላይ ይቆማል። አሳፍሮ መመለስ ደግሞ ለትልቅ ሰው ከባድ ነው። ስለዚህ ለአንባቢው ችግር የተገኘው መፍትሔ ለቤቱ አዲስ ችግር ይፈጥራል።

ጃፓን ውስጥ ለአረጋውያን ታስቦ የወጣው ራኩራኩ የተባለ ስልክ አለ፤ ስሙ ራሱ «ምቹና ቀላል» እንደማለት ነው። ትልልቅ ቁልፎችና ጉልህ ጽሑፍ ያለው፣ ጥቂት ሰዎችን በአንድ ቁልፍ ለመጥራት የሚያስችል ስልክ ነው። በዚያ አገር ተወዳጅ ሆኗል። መሣሪያውን ወደ ያቤሎ ብናመጣው ግን የአኮን ጥያቄ አይመልስም። ቁልፉ ቢተልቅም ሲም ካርዱ በእኔ ስም እስከሆነ ድረስ የሚቀየር ነገር የለም።

ረዳቱ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሻለሁ። በከተማችን አረጋውያን ስልክን የሚጠቀሙት በሰው በኩል ነው። ረዳቱ የልጅ ልጅ ነው፣ የጎረቤት ልጅ ነው፣ የሱቅ ባለቤት ነው፣ ወይም እንደ እኔ ያለ የተማረ ጎረቤት ነው። ከእኔ በኋላ አኮን የረዳ አንድ ልጅ ከተላከላቸው ገንዘብ በሁለት ወር ውስጥ ጥቂት ጥቂት አጉድሎባቸዋል። አኮ ዐውቀዋል። ግን አልተናገሩም። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «ብከስሰው ነገ ማን ያነብልኛል?» አሉኝ። በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለውን የኃይል ሚዛን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ረዳት ማጣት ከመዘረፍ ይልቅ አስፈርቷቸዋል።

የቴክኖሎጂ ተቋማት ለዚህ የሚሰጡት መልስ «የምሥጢር ቁጥርዎን ለማንም አይንገሩ» የሚል ነው። ምክሩ ትክክል ነው፤ ማንበብ ለሚችልና ብቻውን ለሚሠራ ሰው። ለአኮ ግን ምርጫው ቁጥሩን ተናግሮ ገንዘቡን ማግኘት ወይም ቁጥሩን ደብቆ መራብ ነው። ሥርዓቱ ረዳቱን አያውቀውም። ስለማያውቀውም ሊቆጣጠረው አይችልም።

የቦረና ምድር ለዚህ ጉዳይ የቆየ ትምህርት አለው። ዘጠኙን የቱላ ጥልቅ ጉድጓዶች ያየ ሰው ውኃ እንዴት እንደሚወጣ ያውቃል። ማንም ብቻውን አይቀዳም። ሰዎች ከታች እስከ ላይ በመሰላል ተሰልፈው፣ እየዘፈኑ፣ ዕቃውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላሉ። ነገር ግን ያ የእጅ ሰንሰለት ሥርዓት አለው። ጉድጓዱ አባ ኮንፊ የሚባል ባለመብት አለው። የማጠጫ ተራውን የሚያስከብር አባ ሄሬጋም አለ። ደካማው በሌላ ሰው ክንድ ውኃ ያገኛል፤ ተራውን ግን አያጣም። መረዳዳቱና መብቱ አብረው የሚኖሩት በመካከላቸው ሕግ ስላለ ነው።

በእኛ ስልክ ላይ የጎደለው ይህ ነው። ሰንሰለቱ አለ፣ አባ ሄሬጋው የለም። ሌላ ቦታ ግን መሞከር ተጀምሯል። ሕንድ በ2022 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በተራ ስልክ፣ በድምፅ ጥሪም ጭምር ገንዘብ ማንቀሳቀስ የሚያስችል አገልግሎት ጀመረች። በ2024 ደግሞ ባለ ሒሳቡ የሚያምነውን ሰው በስሙ አስመዝግቦ፣ የገንዘብ ጣሪያ ወስኖ እንዲወክል የሚያስችል አሠራር አከለችበት። ወኪሉ የሚሠራው በራሱ ስልክ ነው፤ የባለቤቱን የምሥጢር ቁጥር ማወቅ አያስፈልገውም። ከፈለገም ባለቤቱ እያንዳንዱን ክፍያ ራሱ ያጸድቃል። ረዳቱ ከተደበቀበት ጥላ ወጥቶ በሥርዓቱ ውስጥ ቦታ አገኘ ማለት ነው።

ምን ይደረግ?

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዝዛል። አገልግሎት ሁሉ ወደ ስልክ ሲሸጋገር አገልግሎቱን ተደራሽ ማድረግም የዚያ እርዳታ አካል ነው። ከዚህ በመነሣት አምስት ነገሮችን ሐሳብ አድርጌ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ባለቤትነት ከሥልጠና ይቅደም። አረጋዊው ሲም ካርዱን በራሱ ስም ሳያወጣ ስለ አጠቃቀም ማስተማር ትርፉ ድካም ነው። በ2015 ዓ.ም. በወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የሚሰጠው የፋይዳ መታወቂያ ለዚህ መልካም አጋጣሚ ነው። ምዝገባው የጣት አሻራን ብቻ ሳይሆን የዐይን ብሌንንና የፊት ምስልንም ስለሚወስድ፣ ጣታቸው በገመድና በእርሻ ሥራ ለተፋቀ አረጋውያን ተስፋ አለው። መዝጋቢው ግን ወደ ግቢያቸው መሄድ አለበት።

ሁለተኛ፣ ቋንቋና ፊደል ለየብቻ ይመረጡ። አፋን ኦሮሞን በግዕዝ ፊደል ማቅረብ ለኮምፒዩተር ቀላል ሥራ ነው፤ ለአንድ ትውልድ ግን የጠፋ ንባብን መመለስ ነው።

ሦስተኛ፣ የተቋረጠው ከተቋረጠበት ይቀጥል። የጥበቃውን ጊዜ ማርዘም ባይቻል እንኳ አረጋዊው መልሶ ሲደውል የቆመበትን ቦታ ማግኘት አለበት።

አራተኛ፣ ድምፁ መንገዱን ይምራ፤ ምሥጢሩን ግን ሳይጠየቅ አይናገር።

አምስተኛ፣ ረዳቱ በስሙ ይታወቅ፤ የሚያንቀሳቅሰው ገንዘብ ጣሪያ ይኑረው፤ ባለቤቱም ባሻው ጊዜ ሊሽረው ይቻል። ከሁሉም ጋር ግን የሰው መስኮት አይዘጋ። በአካል ቀርቦ መጠየቅ ለሚፈልግ ሰው አንድ ወንበርና አንድ ሠራተኛ ይቆዩለት።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ ዐውቃለሁ። «ይህ ችግር ጊዜያዊ ነው፤ ዛሬ ስልክ የለመደው ወጣት ሲያረጅ አብሮ ይጠፋል» ይባላል። ለተማሪዎቻችን የምመልሰው በአኮ ታሪክ ነው። አኮ በዘመናቸው ወደኋላ የቀሩ ሴት አልነበሩም። አገሪቱ ተማሩ ስትላቸው ተምረዋል። ከዚያ በኋላ ፊደሉ ተቀየረ፤ ቀጥሎም ወረቀቱ ወደ ስልክ ተቀየረ። እናንተም ዛሬ በጣታችሁ የምትነኩት ነገር በሰባ ዓመታችሁ አይቆያችሁም። ዐይናችሁ ይደክማል፤ ጣታችሁም ይዘገያል። ያን ጊዜ የሚያስፈልጋችሁ ሥርዓት ዛሬ የምትነድፉት ነው። ስለዚህ የመመረቂያ ሥራችሁን በቤተ ሙከራ ብቻ አትፈትኑት። ወደ አንድ የቀበሌ ግቢ ውሰዱት፤ በድምፅ ማጉያ አሰሙት፤ ጎረቤት ምን እንደሰማም ጠይቁ።

በመጨረሻ የአኮን ነገር ልጨርስላችሁ። መታወቂያቸውን አሳደስን፤ ሲም ካርዱም በስማቸው ዞረ። የምሥጢር ቁጥሩን ራሳቸው መረጡ፤ እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ቆምሁ። እስካሁን ጽሑፍ አነብላቸዋለሁ፤ ቁጥሩን ግን ስልኩን ወደ ደረታቸው አስጠግተው የሚያስገቡት እርሳቸው ናቸው። ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ፤ መስመሩም ይዘጋባቸዋል። እኔም እጄን አልዘረጋም። እንደገና ይጀምራሉ።